ባቡሩ ከቆመ በኋላ

ድሬዳዋ ውስጥ ቁም ነገር የሚሠራው ጠዋት ነው። ይህን ለማወቅ እዚህ መወለድ አያስፈልግም፤ አንድ ግንቦት ማሳለፍ ይበቃል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የከዚራ ሰፈር ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ። ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ፣ ሴቷ ድሪያዋን ለብሳ ጥላ ጥላውን ይይዛሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጎዳናው ጭር ይላል። ስለዚህ የድሬ ሰው አንድ ነገር ልጀምር ሲል ቀድሞ የሚያስበው ሰዓቱን ነው፤ ፀሐይ ሳትበረታ ምን ያህል እሠራለሁ? ከአባቴ የተማርኩት ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነው። ብዙ የድሬ ልጅ አባቱን እንዲህ ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው፤ ከተማዋ ራሷም የባቡሩ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ቆመ። እዚያው ጣቢያው፣ ወርክሾፑና የሠራተኛ መኖሪያው ተተከለ። ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ ወዲህ መንገዱ በመስመር የተሰመረው ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ ጠመዝማዛው መጋላ በቀሉ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። አባቴ ወርክሾፑ ውስጥ የገባው ገና ጢሙን ሳያበቅል ነበር። መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ረዳት፣ በመጨረሻ የቶርኖ ሠራተኛ ሆነ።

ትልቁ ሕልሙ የክፍል ሹም መሆን ነበር። በመካከል የቆመው ፈረንሳይኛ ነው። የአልስቶም ሎኮሞቲቮች መመሪያ በፈረንሳይኛ፣ የዕቃ መጠየቂያው ቅጽ በፈረንሳይኛ፣ ሪፖርቱም በፈረንሳይኛ። አባቴ ደግሞ ትምህርቱን ያቋረጠው ከአራተኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ ያደረገው ቀን መቁረጥ ነበር። «ለዘመን መለወጫ ፈረንሳይኛ እናገራለሁ» ብሎ ለእናቴ ማለላት። ወፍራም የሰዋስው መጽሐፍ ገዛ፤ ማታ ማታ የሚያስጠናው ሰው ቀጠረ። እማዬ እንደምትተርከው ለጥቂት ሳምንታት ቤቱ በግሥ እርባታ ተናወጠ። ከዚያ ሥራ በዛ፣ አስጠኚው ቀረ፣ ዘመን ተለወጠ፤ አባቴ ግን ከ«ቦንዡር» ብዙም አልራቀም። መጽሐፉ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ያዘነው ቋንቋውን ባለመቻሉ ብቻ አልነበረም። የቆረጠው ቀን ስላለፈ፣ ከዚያ ወዲያ ቢማር እንኳ የተሸነፈ ሰው ሆኖ ተሰማው። ቀኑ ሲያልፍ ፍላጎቱም አብሮ አለፈ ይላል፤ እስከ ዛሬ ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል።

መልሶ ያስጀመረው አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። እኚህ ሰው ፈረንሳይኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ፣ ከፈረንሳዮች ጋር ሲሠሩ ነበር። «መጽሐፉን ተወው» አሉት። «እጅህ ላይ ያለውን ዕቃ ስሙን ጠይቅ። በቀን አንድ። ነገ ደግሞ ሌላ።» ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ትምህርት ሲዘጋ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ከቶርኖው ጎን አንድ የብረት የመሣሪያ ሣጥን ቆሟል። አረንጓዴ ቀለሙ መያዣው ዙሪያ ተልጦ፣ የቀረው በዘይት እጅ ጠቁሯል። በሩ ላይ በጠመኔ አንድ ቃል ተጽፎበታል፤ ላዩ በላቲን ፊደል፣ ሥሩ በአማርኛ። አንድ ቀን ዳዶና ኤክሩ። ሌላ ቀን ኩሽኔታና ሩልማን። ሌላ ቀን ግራሶና ግሬስ። «ቡሎን» ላይ የደረሰ ዕለት በሁለቱም ቋንቋ ያው ሆኖ ስላገኘው፣ እንደ በዓል ቆጥሮ ለሥራ ጓደኞቹ ሻይ ጋበዘ።

ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። ቱታውን ይለብሳል። የቶርኖውን አልጋ በጨርቅ ይወለውላል። ዘይት የሚጠጡትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ያጠጣል። ከዚያ ጠመኔውን አንሥቶ የቀኑን ቃል ይጽፋል። ማሽኑ የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብረቱን እየቀረጸ ቀና ባለ ቁጥር ቃሉ ከፊቱ አለ፤ ከሥራ ሲወጣ በዚያው የዘይት ጨርቅ ያጠፋዋል። ማታ ቤት ሲገባ በተማሪ ደብተር ላይ ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ቀኑንና ቃሉን።

ደብተሮቹ አሁን እኔ ዘንድ ናቸው። ብዙ ጊዜ አገላብጫቸዋለሁ። ስንት ቃል እንደተማረ የተደመረበት ቦታ የለም፤ ስንት እንደሚቀረውም የትም አልተጻፈም። የጣቱ አሻራ ዳር ዳሩን በግራሶ ታትሟል። አንዳንዱ መስመር ላይ ቃል የለም፤ «ታምሜ» ወይም «ለቅሶ» ይላል። በማግሥቱ ቃሉ ይቀጥላል። ትናንት ስለቀረ ዛሬ ሁለት ቃል አይጽፍም፤ ዕዳ የሚባል ነገር እዚያ ደብተር ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ያልተደመረ መዝገብ ያሳክከኛል። ይህኛውን ግን መደመር ያበላሸዋል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ አባቴ የሎኮሞቲቩን መመሪያ ከፍቶ ለወጣት ሠራተኞች በአማርኛ ሲያስረዳ አይቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ወደሚገኘው አሊያንስ ፍራንሴዝ ሄዶ የቆዩ መጽሔቶችን ያነባል። አነጋገሩ የወርክሾፕ አነጋገር ነበር፤ ግጥም ማንበብ አይችልም፣ የሞተር ክፍል ግን ከነበሽታው ይዘረዝራል። መቼ ቻለው? እማዬም አታውቅም፣ እሱም አያውቅም። «ዛሬ ፈረንሳይኛ ቻልኩ» ያለበት ቀን በደብተሩ ውስጥ የለም።

ሹመቱ አልመጣም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ቆመ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም ሲሄድ ሲቀር ቆይቶ ተዳከመ። በኋላ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በሌላ ሐዲድ፣ ከከተማው ወጣ ባለ ሌላ ጣቢያ ሆነ። አባቴ ሊሾምበት ያሰበው ክፍል ራሱ ሥራ አጣ። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ወንበር ባዶ ሆኖ የቀረው የሚሻለው ሰው ስለመጣ አልነበረም፤ የሚጠገን ባቡር ስለጠፋ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ወርክሾፑ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ዝገት የጀመራቸው ፉርጎዎች ተደርድረዋል፤ በሐዲዱ መካከል ሣር በቅሏል። ውስጥ አባቴና ጥቂት ጓደኞቹ በየማሽናቸው ቆመዋል። አባቴ ጨርቁን ይዞ የቶርኖውን አልጋ ይወለውላል። የዘይት ቀዳዳዎቹን ያጠጣል። ማሽኑን አስነሥቶ ጥቂት ያሽከረክረውና ያጠፋዋል። የሣጥኑ በር ላይ የዚያን ዕለት የተጻፈው ቃል ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር።

«አባዬ፣ ባቡሩ እኮ የለም» አልኩት።

«ቶርኖው አለ» አለኝ፤ ቀና ሳይል።

ያን ጊዜ መልሱ አላረካኝም። እየቆየሁ ግን ዙሪያውን ማየት ጀመርኩ። አብረውት ከነበሩት ብርቱ ሠራተኞች አንዳንዶቹ ባቡሩ ሲቆም አብረው ቆሙ። ቤት ተቀመጡ፤ ስለ ባቡሩ ዘመን ብቻ የሚያወሩ ሆኑ። አልፈርድባቸውም፤ የሰው ዕድሜ አብሮት የተሳፈረበት ነገር ሲቆም ቀላል አይደለም። አባቴ ግን ሹመቱ ሲቀር የቀረበት ሹመቱ ብቻ ነበር። ጠዋቱ አልቀረበትም። ፈረንሳይኛውም አልቀረበትም። ጡረታ ከወጣ በኋላም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል፤ የግቢያችንን የብረት በር በጨርቅ ይወለውልና በጠመኔ አንድ ነገር ይጽፍበታል። የድሬ ቤተሰብ ግማሹ ጅቡቲ ዘመድ አለው፤ እዚያ ደግሞ የመንግሥቱ ወረቀት በፈረንሳይኛ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀት የያዘ ሁሉ በራችንን ያንኳኳል። አባቴ መነጽሩን አጥልቆ ያነብላቸዋል። ይህን አገልግሎት በወጣትነቱ አላቀደውም። ማንም ሊያቅደው አይችልም ነበር።

እማዬ ደግሞ የዕለቱን ሥራ መያዝን በሌላ በኩል ነው የምታውቀው። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጥ ነበር፤ ሶማሌዋም፣ ኦሮሞዋም፣ ሐረሪዋም፣ ጉራጌዋም ያሉበት የዕለት እቁብ ነበራቸው። የዕለቱን እቁብ የምታወጣው ከመጀመሪያው ሽያጭ ነው። ትርፍ ይኑር አይኑር ገና አልታወቀም፤ እሷ ግን ብሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለብቻ ታደርገዋለች። «ማታ የተረፈኝን እጥላለሁ ያለች ሴት እቁብ ስትጥል አላየሁም» ትል ነበር። ሌሎቹ ዕጣው የሚወጣበትን ቀን ሲያወሩ እሷ ዝም ትላለች። ዕጣው ከእጇ ውጭ ነው፤ ቋጠሮው ግን የእሷ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞላ። ደቻቱን የማያውቅ ወንዝ ይመስለዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በዚያ ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ቤት ቀሩ። ከእማዬ የእቁብ ጓደኞች ቤቷ የፈረሰባትም፣ ልጇን የቀበረችም ነበረች። እማዬ ዕቃዋን በሙሉ አጣች። ለቅሶው ከወጣ በኋላ እቁብ ሰብሳቢዋ በየቤቱ ዞረች። የዕለቱ ድርሻ በአንድ ጊዜ ወርዶ አንድ ብር ሆነ። «አንድ ብር ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኳት። እማዬ የደረቀ ጭቃ ከሰፌዷ ላይ እየፋቀች ነበር። «ነገም ገበያ እንድንወጣ ያደርገናል» አለችኝ። ከዚያ ከአንድ ብር ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አምስት እያለ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ስለዚያ ጎርፍ ሲጻፍ የእርዳታው ብዛትና የተሠሩት ቤቶች ይነሣሉ፤ ተገቢ ነው። እኔ ግን ያችን አንድ ብር ሳላነሣ ባልፍ ለእነዚያ ሴቶች ፍርድ አጓደልኩ ማለት ነው።

የአባቴና የእማዬ ነገር የጠዋት ነው፤ ለእኔ ዕድሜ ሰዎች ግን ከባዱ ከሰዓት በኋላው ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ጫቱ ከአወዳይ ደርሶ በርጫው ሲሞቅ ሁሉም ባለ ዕቅድ ይሆናል። እዚያ ምንጣፍ ላይ ስንት ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ስንት ድርጅት ሲቋቋም ሰምቻለሁ። አንድ ወዳጄ ልቦለድ ሊጽፍ ነበር። ርዕሱን ነገረን። ሽፋኑ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ ምረቃው የት እንደሚደረግ፣ ማን ንግግር እንደሚያደርግ ሁሉ ነገረን። ስንፍና አልነበረም፤ ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ብዕሩን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ምረቃውን ከሰዓት በኋላ በምርቃና ስላከበረው ለማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያ አንቀጽ ጉጉት አልተረፈውም። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። አንድ ቀን አባቴ ዘንድ ወስጄው ደብተሮቹን አሳየሁት፤ ብዙ አላወራንም። አሁን ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ገጽ ይጽፋል። ስለ ሽፋኑ ካወራ ቆይቷል። መጽሐፉ አልታተመም፤ የወረቀቱ ክምር ግን ከስልኩ ቁመት አልፏል፤ ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ።

ወደ እህቴ ልጅ ልምጣ፤ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የእሷ ነገር ነውና። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠበት ዓመት ነው። ውጤቱ በጥር 2015 ሲወጣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3.3 ሆኖ ተገኘ። ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያ ሰሞን በየሰፈሩ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። የእህቴ ልጅ ውጤቷን በስልክ አይታ ክፍሏን ዘጋች። ዘመድ ደወለ፣ ጎረቤት መጣ፤ ጥያቄው አንድ ነበር፤ «ስንት አመጣች?» ሰው በክፋት አይደለም የሚጠይቀው፤ ሌላ ጥያቄ ስላልለመድን ነው።

አባቴ መጣና በሩ ላይ ተቀመጠ። ማርኩን አልጠየቀም። «ሒሳብ የምታጠኚው ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» አላት።

«ፈተናው ሲቃረብ ሌሊቱን ሙሉ» አለች ከውስጥ።

«ሳይቃረብስ?»

መልስ አልሰጠችም።

«ነገ አሥራ አንድ ሰዓት በር ላይ አለሁ።»

በማግሥቱ የአዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ሳያበቃ አባቴ የግቢውን በር ወልውሎ ከ11ኛ ክፍል መጽሐፏ አንድ ጥያቄ በጠመኔ ገልብጦበታል። ምልክቶቹን እንደ ሥዕል ነው የሳላቸው፤ ትርጉማቸውን አያውቅም። ሕጉ አንድ ነው፤ ፀሐይዋ በሩ ላይ እስክታርፍ ጥያቄው ላይ መቀመጥ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ታለቅሳለች። ፀሐይዋ በሩ ላይ ስትደርስ አባቴ ይጠይቃል፤

«ተቀመጥሽ?»

«ተቀምጫለሁ፤ አልመጣልኝም እንጂ።»

«ይጻፍ» ይላል፤ ደብተሩ ላይ ቀኑንና የጥያቄውን ቁጥር ያሰፍራል። መልሱ ትክክል ይሁን ስህተት ማወቅ አይችልም ነበር። አሁን ሳስበው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ማርክ የሚሰጣት ሰው በበዛበት ቤት ማርክ ሊሰጣት የማይችል አንድ ሰው አገኘች፤ እሱም በየቀኑ ይጠብቃታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ከእሷ ጎን ድንጋይ ስቦ መቀመጥ ጀመረ፤ እሱም ያው ፈተና የጣለው ነበር።

መካከል ላይ ትኩሳት ያዛት። ድሬ ይህን በሽታ ታውቀዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በየቤቱ ገብተው ሰውን በመገጣጠሚያው አስረው አስተኝተውታል። ልጅቷ ከሳምንት በላይ ተኛች። ይህ ነገር እዚህ ያበቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። አባቴ በየቀኑ ደብተሩን ከፍቶ «ታማለች» ብሎ ይጽፋል፤ የጎረቤቱ ልጅ ቁጥር ከሥሩ ይገባል። ስትነሣ የጠበቃት ጥያቄ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ የተወሰደ ቀላል ነበር። እጇ ብዕር መያዝ ሲያቅተው በቃሏ ሠራችው።

በዚያ ወቅት ስለ ልማድ የተሠራ አንድ የለንደን ጥናት አገኘሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 96 ሰዎች የተሳተፉበት። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ የዕለት ተግባር መርጦ ሲደጋግም ቆየ፤ ተግባሩ ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ። ለአንዱ 18 ቀን በቅቶታል፤ ለሌላው እስከ 254 ይደርሳል ተብሎ ተሰላ። አንድ ቀን ማቋረጥ ነገሩን እንደማያፈርሰውም አገኙ። ለአባቴ ነገርኩት። አሰበና «ሰዎቹ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሡት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥናቱ ይህን አልጻፈም። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ ከአባቴ ጋር አንድ ነው፤ ተግባሩን በየቀኑ ከሚሆን ከሌላ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ ብሎ ማሰር። የአባቴ ማሰሪያ የዘይት ጨርቁ ነበር። የእማዬ የመጀመሪያው ሽያጭ። የልጅቷ ደግሞ በሩ ላይ የምታርፈው ፀሐይ።

በዚያ ዓመት 50 በመቶ ላልደረሱ የተወሰኑ ተማሪዎች የሪሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ) ትምህርት ተከፈተ፤ እሷም ዕድሉ ደረሳትና ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ስትሄድ አባቴ የሰጣት አንድ ፓኮ ጠመኔ ነው። ዶርም ውስጥ የሎከሯ በር ላይ ጥያቄ እየጻፈች ፎቶ ትልክልኝ ነበር፤ እኔም ለአባቴ አሳየዋለሁ። ሪሚዲያሉን አለፈች። ሕልሟ ሐኪም መሆን ነበር፤ የደረሳት ስታቲስቲክስ ነው። ለጥቂት ቀን ከፋት፤ አሁን ስለ ትምህርቷ ስታወራ ዓይኗ ይበራል።

የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ በግል ተመዝግቦ ድጋሚ ተፈተነ፤ አላለፈም። በእኩል ሰዓት ተነሥተዋል፣ በአንድ በር ፊት ተቀምጠዋል። ልማድ ለውጤት ዋስ አይሆንም፤ ይሆናል የሚል ሰው ካለ አልሰማውም። ዓመታት ባዶ የነበረ መሠረት በጥቂት ወር ማለዳ አይሞላም፤ የመምህርም፣ የመጽሐፍም፣ የዕድልም ድርሻ አለ። ልጁ ግን አሁንም ይመጣል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና የጭነት ሥራ አግኝቷል። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር ከነወረቀቱ በእጁ ያልፋል። ሥራ ከመግባቱ በፊት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ፊት ይቆማል፤ አባቴም የዕለቱን የፈረንሳይኛ ቃል ይጽፍለታል። ሹም እሆናለሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። ትናንት የጻፉት ቃል ትከሻው ላይ የሚያነሣው ሣጥን ስም ነበር።

የአገሪቱ ውጤት ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይነገራል፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። አሁንም ግን ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሆኑት በዚያች ቀን ክፍላቸውን ዘግተው ያለቅሳሉ፤ እኛም ከበር ውጭ ቆመን ስንት አመጣህ፣ ስንት አመጣሽ እንላለን። ይህን ጥያቄ ለአንድ ዓመት ብናቆየው ምን ይጎዳናል?

ይህን ለምታነቡ ወላጆችና ታላላቅ ወንድም እህቶች የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ለልጁ የዓመት ዕቅድ አታውጡለት፤ ሽልማትም አትቁረጡለት። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናንተ ቀድማችሁ ተነሡ። አንድ ጥያቄ ጻፉለት። መልሱን ባታውቁትም ፀሐይ እስክትወጣ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ አድርጉ።